ረዳቱን ግሥ ማን ይርዳው?

ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማመር ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ብዙ መጻፉ አይቀርም። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የወደድነው ከዚህ ከትልቁ ነገር ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ክፍል ተማሪውን በፈተና ጊዜ፣ ወጣቱን የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በደብዳቤና በሪፖርት ጊዜ ከሁሉ አብልጣ የምታስቸግር ናት። ይኸውም ረዳት ግሥ የሚባለው ነው።

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ከተማ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አግኝተን «የእንግሊዝኛ ረዳት ግሦች ስንት ናቸው?» ብንለው፣ «23 ናቸው» ብሎ ከ«አም» ጀምሮ እስከ «ማስት» ድረስ ሳይተነፍስ ሊወርድልን ይችላል። የ«ቢ» ወገን ስምንት፣ የ«ሃቭ» ወገን ሦስት፣ የ«ዱ» ወገን ሦስት፣ እንደ «ካን»ና እንደ «ሜይ» ያሉት ደግሞ ዘጠኝ፤ ድምሩ ልክ ነው። ቀጥለን «እንግዲያውስ ‹ትናንት ገበያ አልሄድኩም› የሚለውን በእንግሊዝኛ በል» ስንለው ግን፣ «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ቢለን አይደንቀንም። 23ቱን ያለ ስሕተት የቈጠረ አፍ አንዱን በቦታው ማዋል ያቅተዋል።

ይህን የምንጽፈው ተማሪውን ለመንቀፍ አይደለም። እኛ ራሳችን ከዩኒቨርስቲ ከወጣን ሁለት ዓመት ያልሞላን ስለ ሆነ የተማሪነቱ ወንበር ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም። መምህራኑንም ለመውቀስ አይደለም፤ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ተማሪ ዐረፍተ ነገር ማረም ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም ያውቀዋል። የእኛ ሐሳብ ሌላ ነው። የረዳት ግሥ ትምህርት የሚጀመርበት ቦታ ቈጠራ መሆን የለበትም፤ ልጁ ከቤቱ ይዞት ከመጣው ቋንቋ መጀመር ይገባዋል እንላለን።

ስለ ምን ወልቂጤንና ቡታጅራን መረጣችሁ ቢሉን ምክንያት አለን። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ ያለች የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። ቡታጅራ ደግሞ ከዓለም ገና ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተቈረቈረች ከተማ ስትሆን፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በአንደኛይቱ ከተማ ቸሃ፣ እዣ፣ ቀቤና የሚናገሩ ልጆች፣ በሁለተኛይቱም መስቃንኛ፣ ስልጥኛ፣ ማረቆኛ የሚናገሩ ልጆች በአንድ ወንበር ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። አማርኛው ለትምህርትና ለገበያ የሚገናኙበት ነው። እንግሊዝኛው እንግዲህ ለብዙዎቹ ሦስተኛ ቋንቋ መሆኑ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ሸክም ይቈጥረዋል። በእኛ አስተያየት ግን ሀብት ነው፤ ሁለት ቋንቋ ይዞ ያደገ ልጅ ቋንቋ ሁሉ በአንድ መንገድ እንደማይሄድ ማንም ሳይነግረው ያውቃልና።

ለመሆኑ ረዳት ግሥ የእንግሊዝኛ ብቻ ነውን? «ይሰብራል» የምንለው ቃል ሲፈታ «ይሰብር» እና «አለ» ነው። «ሰብሯል» ደግሞ «ሰብሮ» እና «አለ» ነው። «ሰብሮ ነበር» ስንልማ ረዳቱ ከዋናው ተለይቶ ለብቻው ቆሞ ይታያል። የግዕዝ ሰዋስው መምህራን እንደ ሌላው ግሥ የማይረቡትን የዚህ ዓይነት ቃላት ነባር አንቀጽ ብለው ከጥንት ጀምሮ ለይተዋቸዋል። የአማርኛውን ሰዋስው ለሚሻም ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ፕሮፌሰር ባየ ይማምም በ1987 ዓ.ም. ያወጡት መጽሐፍ አለለት።

ጉራጌኛውም ከዚህ አያንስም። በቸሃ «አለ» ለማለት «ነረ»፣ «ነበረ» ለማለት ደግሞ «ባነ» ይባላል። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው፣ ቸሃ ወደ ፊት ለሚሆነው ነገር ሁለት መንገድ ያለው መሆኑ ነው፤ አንደኛው ቁርጥ ለሆነው፣ ሁለተኛው ገና ላልተቈረጠው። ሦስት ቅጽ የሆነውን የጉራጌ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ይህን ልዩነት አስተውለው ጽፈውታል። እንግዲህ ከእናቱ አፍ ቁርጡንና ያልተቈረጠውን ለይቶ የተማረ የቸሃ ልጅ፣ ስለ «ዊል» እና ስለ «ሜይ» ልዩነት ሲነገረው እንደ አዲስ ነገር ሊደናገጥ የሚገባው አልነበረም። የሚደናገጠው ይህን ዕውቀቱን ማንም ስላልጠየቀው ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው ቢባል፣ መጀመሪያው በቦታ ላይ ነው። የእኛ ረዳት ከኋላ ይከተላል፤ የእንግሊዝኛው ግን ከፊት ይመራል። ለጥያቄ ጊዜም ከባለቤቱ ዘሎ ይቀድማል። ይህን ልጁ በአንድ ሳምንት ይለምደዋል። ሁለተኛው ግን ይከብዳል፤ ይኸውም የእኛው «አለ» በዋናው ግሥ ውስጥ ተውጦ የቀረ መሆኑ ነው። «እሄዳለሁ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «አለሁ» ጆሮው የሚሰማው ልጅ፣ በእንግሊዝኛም አንድ የሚተካው ነገር ይፈልግና «አይ አም ጎ» ይላል። «እስማማለሁ» ለማለትም «አይ አም አግሪ» ይላል። መምህሩ ይህን በቀይ ሰርዞ ቢያልፈው ልጁ ነገ ይደግመዋል። «ልጄ፣ ያ ‹አለሁ› የልማድና የመጪ ጊዜ ነው፤ እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ ረዳት አይፈልግም» ቢለው ግን ምክንያቱን ያገኛል።

ወደ «ዲድ» እንመለስ። በአማርኛ «ሄደ» ሲፈርስ «አልሄደም» ይሆናል፤ ያለፈው ጊዜ ምልክት ከዋናው ግሥ አይለቅም። በእንግሊዝኛ ግን የጊዜው ምልክት አንድ ሸክም ነው። ረዳቱ ሲመጣ ሸክሙን ከዋናው ግሥ ተቀብሎ ይሸከማል፤ ዋናው ግሥም ባዶ ትከሻውን ይቀራል። ስለዚህ «ዲድ» ካለ በኋላ «ዌንት» ማለት ኩንታሉን ለተሸካሚ ሰጥቶ ራስም ሌላ ኩንታል ተሸክሞ መሄድ ነው። «ሂ ዳዝ ኖት ኖውስ» የሚለውም ስሕተት የዚሁ ወንድም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማሪዎችን ያጽናናል። ይህ የ«ዱ» ነገር ለእንግሊዞቹም ከመጀመሪያው የተሰጣቸው አልነበረም፤ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ሼክስፒር በነበረበት ዘመን፣ ከ1564 እስከ 1616 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ «ታውቃለህን?» ለማለት «ኖው ዩ?» ማለትም፣ «ዱ ዩ ኖው?» ማለትም ይቻል ነበር። ኋላ ግን ሁለተኛው አሸነፈ። የእኛ ተማሪ «ዱ»ን ረስቶ ሲጠይቅ የተሳሳተው በአራት መቶ ዓመት ያህል ነው ብንል ቀልድ ብቻ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቱ ሠራተኛ እንሻገር። ሥራ ለመጠየቅ በሚጻፍ ማመልከቻ ላይ በጣም የተለመደ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «በ2014 ዓ.ም. ተመርቄአለሁ» የሚለው ነው። አማርኛው አንዳች እንከን የለበትም። ቃል በቃል ሲመለስ ግን «አይ ሃቭ ግራጁዌትድ» ተብሎ ዓመተ ምሕረቱ ይከተላል፤ እንግሊዝኛም ይህን አይወድም። «ሃቭ» ያለበት ግሥ ነገሩ ተፈጽሞ ፍሬው ዛሬ በእጅ መኖሩን ይናገራል እንጂ ቀን አያስቈጥርም። ቀኑ ከተጠራ «ሃቭ» መሄድ አለበት። የእኛ «ሰብሯል» ከ«ትናንት» ጋራ ተስማምቶ ይኖራል፤ የእነሱ ግን ከ«የስተርደይ» ጋራ አንድ ቤት አይገባም። «ሰብሯል» በ«ሃዝ»፣ «ሰብሮ ነበር» በ«ሃድ» ይተረጐማል የሚለው መንገድ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ይህች አንዲት አጥር ግን ከጎኑ መተከል ይኖርባታል።

ከዚህ የባሰም አለ። በአማርኛ «ከሰሰ» የነበረው «ተ»ን ጨምሮ «ተከሰሰ» ሲሆን ነገሩ አለቀ። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው በረዳት ግሥ ነው፤ «ዋዝ» ካልገባ ሰውየው አልተከሰሰም። አንድ ወጣት ጸሐፊ «ሒሳብ ሹሙ በግንቦት ወር ተከሰሰ» ለማለት ፈልጎ ረዳቱን ዘንግቶ «ዘ አካውንታንት አኪዩዝድ» ብሎ ቢጽፍ፣ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ሒሳብ ሹሙ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ቁጭ ይላል። አንባቢ ይሳቅ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ወደ ውጭ አገር ድርጅት ሲላክ የሚስቀው ማን እንደ ሆነ ያስብ።

ስለ «ካን ቱ ጎ» ብዙ አንናገርም። «መሄድ እችላለሁ» ከሚለው «መ» የተወለደ ነውና «ካን»፣ «ማስት»፣ «ሹድ» እና እነሱን የመሳሰሉት ከኋላቸው «ቱ» እንደማይወዱ ማሳየት ይበቃል።

ትልቁ ነገር ዘጠኙ ላይ ነው። እነዚህ «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «ማስት»፣ «ሻል»፣ «ሹድ»፣ «ዊል»፣ «ዉድ» የሚባሉት ጊዜን ከማመልከት ይልቅ ተናጋሪው በነገሩ ምን ያህል እንደ ታሰረ የሚገልጡ ናቸው። ይህን ደግሞ ከቡታጅራ ገበያ ልጅ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የማረቆ በርበሬ በዱቤ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ «እከፍልሃለሁ» ቢል አንድ ነገር ነው። «ልከፍልህ እችላለሁ» ቢል ሌላ ነው። «እከፍልህ ይሆናል» ያለ እንደ ሆነ ነጋዴው ጆንያውን ወደ ኋላ ይስባል። «መክፈል አለብኝ» ሲል ዕዳውን አምኗል፤ መቼ እንደሚከፍል ግን አልተናገረም። «በከፈልኩህ ነበር» ብሎ ከጀመረማ ቀሪውን መስማት አያስፈልግም። «ዊል»፣ «ካን»፣ «ሜይ»፣ «ማስት»፣ «ዉድ ሃቭ» እነዚሁ ናቸው። በአባቱ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ያደገ ልጅ ዕድሜው ሰባት ሳይሞላ የለየውን ነገር፣ በዘጠነኛ ክፍል ባዶ ቦታ ሙላ ተብሎ ሲጠየቅ ያጣዋል።

ስለ ዕዳ ካነሣን አይቀር፣ የእንግሊዝኛው «ሻል» በጥንቱ ቋንቋቸው «ዕዳ አለበት» ማለት ነበር። «ዊል» ደግሞ «ይፈልጋል»፣ «ካን»ም «ያውቃል» ማለት ነበሩ። እኛም ብንሆን «200 ብር አለበት» እና «መሄድ አለበት» የምንለው በአንድ ቃል ነው። ግዴታን በዕዳ መስሎ መናገር ለሁለቱም ቋንቋ ሰዎች መታየቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ለተማሪውም ከሠንጠረዥ ይልቅ ይህ በልቡ ይቀመጥለታል።

ይሁን እንጂ ይኸው «አለበት» ሲፈርስ መጠንቀቅ ያሻል። «መክፈል የለበትም» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ወይ እንዳይከፍል ተከልክሏል፣ ወይ ባይከፍልም አይገደድም። በአማርኛ ነገሩን የሚለየው አነጋገሩና ቦታው ነው። እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው «ማስት ኖት»፣ ለሁለተኛው «ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ» ብሎ ይለያያቸዋል። ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው ወረቀት ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ከምግብ ጋራ እንዳይወሰድ የተከለከለውን መድኃኒት፣ «ከምግብ ጋራ መውሰድ የለብዎትም» ቢባሉ አንዲት እናት «ግድ አይደለም ማለታቸው ነው» ብለው ሊረዱት ይችላሉ። በጤና ጣቢያ የተቀመጠው ወጣት ባለሙያ ልዩነቱን አውቆ «እንዳይወስዱ፣ የተከለከለ ነው» ብሎ መናገር ይኖርበታል። እንግሊዝኛውን በደንብ ያወቀ ሰው አማርኛውንም አጥርቶ ይናገራል የምንለው ስለዚህ ነው።

ቡታጅራ ለዚህ ሌላም ምስክር አላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ከስዊድን አገር ከኡሜኦ ዩኒቨርስቲ ጋራ በመተባበር በ1979 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው የገጠር ጤና ጥናት የከተማይቱን ስም በዓለም የጤና መጽሔቶች ላይ አስጠርቷል። በዚያው አካባቢ ስለ አእምሮ ሕመም በተደረገው ጥናትም በእንግሊዝኛ ተሠርቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ መጠይቅ ተይዞ ቤት ለቤት ተሂዷል። በዚህ ዓይነት መጠይቅ ውስጥ «ሃቭ ዩ ኤቨር» የሚል ጥያቄ ይበዛል። ይህን ወደ አማርኛ እንዴት እንመልሰው? «አድርገሃል?» ቢባል አይበቃም። የእኛ ቋንቋ ለዚህ የራሱ ረዳት አለው፤ እሱም «ያውቃል» ነው። «ቡታጅራ ሄደህ ታውቃለህ?» ስንል ስለ ዕውቀት አልጠየቅንም፤ በዕድሜህ አንድ ጊዜም ቢሆን ሄደሃል ወይ ማለታችን ነው። ይህን ያልተገነዘበ ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «ዱ ዩ ኖው» ብሎ ይጀምርና ይጠፋል። የተገነዘበው ግን «ታውቃለህ»ን አይቶ «ሃቭ ዩ ኤቨር»ን ያመጣል።

ወጣት ሹማምንት ደግሞ ሕግ ያነባሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል፤ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያነብ ከዚህ የተሻለ የረዳት ግሥ መምህር የለም። አንቀጽ 5 ስለ ፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲደነግግ አማርኛው «ይሆናል» ያለውን እንግሊዝኛው «ሻል ቢ» ይለዋል። ልብ እንበል፤ ይኸው «ይሆናል» በቡና ቤት «ይመጣ ይሆናል» ሲባል ጥርጣሬ ነው፤ በሕግ ውስጥ ለብቻው ሲቆም ግን ትእዛዝ ነው። ሕጉ «ይችላል» ሲል ለሹሙ ፈቃድ ሰጠው፤ «ሜይ» ነው። «ይሆናል»፣ «ይኖራቸዋል» ሲል ግን ምርጫ አልተወለትም። «ሻል» የሚለውን እንደ «ሜይ» የሚያነብ ሠራተኛ፣ ለባለ ጉዳዩ የሚገባውን መብት «ብንፈቅድልህ እንፈቅድልሃለን» ብሎ ሊመልሰው ነው።

አሁን ስለ ፈተናው ጥቂት እንበል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆነ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ረዳት ግሥ ነው የሚል ሰው ቢኖር እንስቅበታለን፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን የሥነ ሕይወቱም፣ የታሪኩም፣ የሒሳቡም ጥያቄ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መሆኑን እናስታውስ። «ማስት ቢ» እና «ኩድ ቢ» አንድ የሚመስለው ልጅ፣ ሥነ ሕይወቱን ቢያውቅ እንኳ ጥያቄውን አላወቀውም። ፈተናው ፊደል መምረጥ ብቻ ስለ ሆነም፣ አንድ ተማሪ በገዛ እጁ አንድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ለፈተና ሳይጽፍ 12ኛ ክፍልን ሊጨርስ ይችላል።

«በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ አይነገር፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ያስብ» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ለሚሰማ ልጅም መልካም ነው። ነገር ግን ከደጅ ሲወጣ ጉራጌኛ፣ በገበያ አማርኛ የሚሰማ ልጅ በአፉ ባይናገረው እንኳ በልቡ መተርጐሙን አይተውም። ተደብቆ ሲተረጉም ስሕተቱን የሚያይለት የለም፤ በሰሌዳ ላይ በግልጥ ሲተረጐም ግን ሁሉም ያየዋል።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በሳምንት አምስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይበቃል። ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ከዕቁብ፣ ከዱቤ፣ ከሐኪም ቤት፣ ከቀበሌ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይወሰዱ። ልጆቹ መጀመሪያ በአማርኛው ውስጥ ረዳቱ የት እንደ ተደበቀ ያውጡ፤ የቸሃውም የማረቆውም ልጅ በቤቱ እንዴት እንደሚባል ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገሩና ወረቀት ተለዋውጠው ይተራረሙ። መምህሩ 60 ወረቀት ወደ ቤቱ ተሸክሞ መሄድ አይኖርበትም። ጉራጌኛውን ወይም ማረቆኛውን መምህሩ ባያውቀው ምንም አይደለም፤ ልጆቹ ያስረዱታል። የአማርኛውን ሰዋስው ለማብራራት የቸገረው እንደ ሆነም የአማርኛው መምህር ሩቅ አይደለም፤ በዕረፍት ሰዓት በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።